ለሱሉልታ ዳገት ቪትዝ ላይ ኤር ኢንቴክ ማስገጠም ያዋጣል?

ሱሉልታ_01
ሰላም ለቤቱ። መኪናዬ ቪትዝ ናት፣ 1.3፣ ኦቶማቲክ። ቤቴ ሱሉልታ፣ ሥራዬ ፒያሳ። ማታ ከአዲሱ ገበያ ተነስቼ በድል በር ሽቅብ ስወጣ ነፍሷ ልትወጣ ትደርሳለች። ሰው ከጫንኩማ ኤሲውን ዘግቼ፣ ነዳጁን ወለል ድረስ ረግጬም ከኋላዬ ያለው ዶልፊን ክላክሱን አይለቅም።

ሰሞኑን አንድ መለዋወጫ ሻጭ «ኤር ኢንቴኩን ቀይረው፣ ከ10 እስከ 15 የፈረስ ጉልበት ትጨምራለች፣ ነዳጅም ትቆጥብልሃለች» አለኝ። ዕቃው ለሞተሩ አየር የሚያስገባ፣ የሚያብረቀርቅ የአሉሚኒየም ቱቦ ነው፣ ጫፉ ላይ ቀይ ሾጣጣ ፊልትሮ አለው። የፋብሪካውን ጥቁር ሳጥን አውጥቶ እሱን መተካት ነው። ከነማስገጠሚያው የደሞዜን ግማሽ ይበላል። ገንዘቡ አለ፣ ግን ለጎማ ያስቀመጥኩት ነው። ያስገጠማችሁ ካላችሁ እስቲ እውነቱን ንገሩኝ።

አያት_ኮሮላ
ብሮ፣ እኔ ኮሮላ 1.6 ላይ አስገጥሜያለሁ። ድምፁ ልብ ይሰርቃል። ከሦስት ሺህ ዙር በላይ ሲሄድ «ሁውውው» የሚል ነገር ያወጣል፣ እሱን ለመስማት ብዬ ብቻ ሳያስፈልገኝ እረግጣለሁ። ዝም ብለህ ግዛ።

ሱሉልታ_01
ድምፁንስ ተወው። ዳገት ላይ ልዩነት አለው ወይ ነው ጥያቄዬ።

አያት_ኮሮላ
እሱን ካልከኝ... ያለ ይመስለኛል። ግን የለካሁት በመቀመጫዬ ነው። መኪና ሲጮህ የፈጠነ ይመስላል፣ ታውቃለህ። ነዳጅ ግን አልቆጠበልኝም። ስለምረግጥ እንዲያውም ጨምሮብኛል ሃሃ።

ጋራዥ_ገላን
ወንድም፣ 15 ፈረስ የሚባለውን እርሳው። ምክንያቱን ላስረዳህ፣ ትንሽ ይረዝማል።

ኮፈኑን ክፈትና የፋብሪካውን ኤር ክሊነር ተመልከት። ጥቁር የፕላስቲክ ሳጥን ስለሆነ ብዙ ሰው ይንቀዋል። ከሳጥኑ አንድ አፍ ወጥቶ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ከራዲያተሩ በላይ ወይም ከፊት መብራቱ ጀርባ። ያ አፍ እዚያ የተቀመጠው በዘፈቀደ አይደለም። ሞተሩ ከውጭ ቀዝቃዛ አየር እንዲስብ ነው። ቀዝቃዛ አየር ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ በአንድ ስበት ብዙ ኦክስጅን ይገባል።

ገበያ ላይ ያለው ቱቦ አብዛኛው አጭሩ ዓይነት ነው። ሾጣጣው ፊልትሮ ሽፋን ሳይኖረው ሞተሩ አጠገብ ይቀራል። አዲሱ ገበያ ትራፊክ ላይ ቆመህ፣ ማራገቢያው የራዲያተሩን ትኩሳት ወደ ኋላ ሲነፋው፣ ሞተርህ የሚስበው ያንኑ ትኩሳት ነው። በግምት አየሩ በ3 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር 1 ከመቶ ይሳሳል። ከውጭው በ30 ዲግሪ የሞቀ አየር ሳብክ ማለት ከአየርህ አንድ አሥረኛውን ጣልክ ማለት ነው። ያውም ከፍለህ።

ረጅሙ ዓይነት፣ ፊልትሮውን ወደ ታች ከመከላከያው ጀርባ የሚያወርደው፣ በዚህ በኩል ይሻላል። ችግሩ ፊልትሮው መሬት አጠገብ ይውላል። ክረምት ላይ የቆመ ውሃ ውስጥ ከገባህ ውሃ ይስባል። ውሃ ደግሞ አይታመቅም። ፒስተኑ ሊያምቀው ሲሞክር ዘንጉ ይታጠፋል፣ ሞተሩም አበቃለት። የእኛ ሰፈር መንገድ ሐምሌ ላይ ምን እንደሚመስል የምታውቁ ታውቃላችሁ።

ሦስተኛ፣ ኤር ፍሎ ሴንሰሯ። ከሳጥኑ ወጣ ብሎ ቱቦው ላይ የምትሰካ ትንሽ ነገር ናት። ውስጧ የጋለ ቀጭን ሽቦ አለ። አየሩ ሲያልፍ ሽቦውን ያቀዘቅዘዋል፣ በዚያ ልክ ስንት አየር እንደገባ ለኮምፒውተሩ ትነግራለች። አዲሱ ቱቦ ከፋብሪካው ከሰፋ ወይም ከጠበበ ልኬቷ ይዛባል። ቀዩ ፊልትሮ በዘይት የሚርስ የጥጥ ዓይነት ከሆነና ዘይት ከበዛበት ደግሞ ሽቦዋ ላይ ይለጠፋል። «ኢንቴክ ካስገጠምኩ ወዲህ ቼክ ኢንጅን አልጠፋ አለኝ» እያሉ የሚመጡ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ችግራቸው እዚህ ነው።

ቲቸር_ቡራዩ
ጋሼ ከሞላ ጎደል ጨርሰውታል። እኔ ፊዚክስ ስለማስተምር ስለ ከፍታው ልጨምር። ዋናው ጉዳይ ያለው ከመኪናዋ ውጭ ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። ሱሉልታ ከ2,500 ይበልጣል፣ በመሀል የምታቋርጠው የእንጦጦ ጀርባ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። የአየር ግፊቱ ጅቡቲ ወደብ ላይ 101 ኪሎፓስካል ቢሆን አዲስ አበባ 76 ገደማ ነው፣ ድል በር ላይ ወደ 72 ይወርዳል። ቱርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ300 ሜትር ከፍታ በግምት 3 ከመቶ ጉልበት ያጣል። የአንተ ቪትዝ በፋብሪካ ወረቀት 87 ፈረስ ገደማ ናት። ዳገቱ አናት ላይ ስትደርስ የምትሠራው በ65 አካባቢ ነው። ከ20 በላይ ፈረስ የወሰደብህ ተራራው ነው እንጂ ፊልትሮው አይደለም።

አትሌቶቻችን ሱሉልታ ወጥተው የሚለማመዱት አየሩ ስስ ስለሆነ ነው። ሰውነታቸው እየቆየ ቀይ የደም ሴል ያበዛል፣ ይለምደዋል። ቪትዝ ግን አትለምደውም። ዕድሜ ልኳን ብትመላለስበት ያው ናት።

ፊልትሮውስ ስንት ያስቀራል? ንጹሕ የወረቀት ፊልትሮ፣ ትንሽ ሞተር በሙሉ ኃይሉ ሲስብ፣ ከነሳጥኑ የሚያስቀረው 1 ወይም 2 ኪሎፓስካል ቢሆን ነው። ከ72 ላይ! ፊልትሮውን አውጥተህ ብትጥለው እንኳ የምታገኘው ከ1.5 እስከ 3 ከመቶ ነው። አንድ ፈረስ፣ ግፋ ቢል ሁለት። ከባዶ ቦታ የበለጠ አየር የሚያሳልፍ ፊልትሮ ደግሞ ማንም አልሠራም።

ዕቃ_ከዱባይ
ሳታዩት ፈረዳችሁ እንግዲህ። ውጭ አገር ዳይኖ (የጉልበት መለኪያ ማሽን) ላይ ተፈትኖ 12 ፈረስ ጨምሯል፣ ካርቶኑ ላይ ተጽፏል። ደንበኞቼም ረክተው ነው የሚሄዱት። ሞተር በደንብ ሲተነፍስ ነዳጅ ለምን አይቆጥብም?

ቲቸር_ቡራዩ
ወንድሜ፣ እንጀራህን መንካቴ አይደለም። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ግን በየትኛው ሞተር ነው? ቱርቦ ያለው፣ ካምሻፍቱና ጭስ ማውጫው የተቀየረ፣ ኮምፒውተሩም እንደ አዲስ የተስተካከለ ትልቅ ሞተር ከሆነ 12 ሊጨምር ይችላል። እንደዚያ ያለው ሞተር የፋብሪካው ሳጥን ከሚያሳልፈው በላይ አየር ይፈልጋል። 1.3 ሊትር ግን አይፈልግም። ዳይኖ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ኮፈን ተከፍቶ፣ ከፊት ትልቅ ማራገቢያ ተደቅኖ ነው የሚለካው። ድል በር ላይ ኮፈኑ ዝግ ነው፣ ፍጥነቱም 30 ነው።

ነዳጁን በተመለከተ የአሜሪካው ኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ጥናት አድርጎ በ2009 እ.ኤ.አ. አውጥቶታል። ዘመናዊ የኢንጀክሽን መኪኖች ላይ ሆን ብለው የታፈነ ፊልትሮ ገጥመው ለኩ። ፍጆታው ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። የቀነሰው ሲረገጥ የመፈትለክ አቅሙ ነው። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ኮምፒውተሩ የገባውን አየር ለክቶ ለዚያው የሚበቃ ቤንዚን ይረጫል፣ በግምት ለ14.7 ኪሎ አየር 1 ኪሎ ቤንዚን። አየር ሲያንስ ቤንዚኑም ያንሳል። በዚያ ላይ በአዘቦት አነዳድ አየሩን የምታፍነው አንተው ነህ፣ በእግርህ። ፊልትሮው ትንሽ ቢያፍን እግርህ ሳይታወቅህ ትንሽ ጨምሮ ያካክሰዋል።

ኤሌክትሪክ_ሰሚት
እኔ ኤሌክትሪክ ስለያዝኩ ድል በርን ሙዚቃ እየሰማሁ ነው የምወጣው። ሞተሩ አየር አይፈልግ፣ ከፍታ አያውቅ። ሽጣትና ግባ።

ሱሉልታ_01
ወንድሜ፣ የግማሽ ደሞዝ ጥያቄ ነው የጠየቅኩት።

ዲኤክስ_አቃቂ
ልጆች፣ የኔ ዲኤክስ በካርቡራተር ናት። ለእሷም ያው ነው?

ቲቸር_ቡራዩ
የእርስዎ ይለያል ጋሼ። ካርቡራተር የሚለካ ኮምፒውተር የለውም። ፊልትሮው ሲታፈን ቤንዚን ይበዛባታል። በእንደነዚህ ዓይነት አሮጌ መኪኖች ላይ የታፈነ ፊልትሮ መቀየር ከ2 እስከ 6 ከመቶ ነዳጅ ሊያተርፍ ይችላል። ካርቡራተሩ ለቆላ የተስተካከለ ከሆነ ደግሞ እኛ ጋ አየሩ ስስ ስለሆነ በራሱ ያበዛል። ካንዴላዎን ፈትተው ይዩት። ጥላሸት ከያዘ ቤንዚን የሚመጥነውን ጅግለር የሚያውቅ ሰው ይይልዎት።

ዲኤክስ_አቃቂ
ተባረክ። ካንዴላውማ ሁሌ ጥቁር ነው። እኔ ቤንዚኑ ነው የተበላሸው እያልኩ ማደያ ስቀያይር ነበር የከረምኩት።

ሂሉክስ_ቱሉዲምቱ
አቧራን ማንም አለማንሳቱ ገርሞኛል። ዋናው መንገድ አስፋልት ነው፣ እሺ። ወደየቤታችን የምንገባበትስ? እኔ የምውለው ኮዬ ፈጬ ግንባታ ላይ ነው። ሲኖትራክ አሸዋ ጭኖ ሲያልፍ የራሴን ኮፈን አላይም። አቧራው ውስጥ ሲሊካ አለ፣ ከሲሊንደሩ ብረት ይጠነክራል። ፊልትሮውን ያለፈው ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሎ የፒስተኑን ፋሻና ሲሊንደሩን ሲሞርድ ይከርማል። መጀመሪያ ዘይት መብላት ትጀምራለች። ከዚያ ሰማያዊ ጭስ ይመጣል። ከዚያ ሞተር ማውረድ ነው።

የፊልትሮ ሥራ አየር ማሳለፍ ብቻ አይደለም፣ አቧራ ማስቀረትም ነው። ሁለቱ ደግሞ ይጣላሉ። አየር እንደ ልብ የሚያሳልፍ ፊልትሮ አብዛኛውን ጊዜ አቧራውንም ያሳልፋል። ለኤር ክሊነር መፈተኛ አይኤስኦ 5011 የሚባል ዓለም አቀፍ ደረጃ አለ። ሻጩን በዚህ የተፈተነበትን ወረቀት ጠይቀው። ካላመጣ ጎማህን ግዛ።

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል። ይህችን ሞተር ገድለህ ነገ ሌላ አስመጣለሁ ማለት የለም።

አያት_ኮሮላ
አስፈራራችሁኝ። ወርጄ የኔን ላየው ነው።

እናት_ሰበታ
ይቅርታ፣ ካነሳችሁት አይቀር። እኔ ላቫጆ ባስገባኋት ቁጥር ልጆቹ ፊልትሮውን አውጥተው በኮምፕረሰር ይነፉልኛል። አቧራው ቡን ሲል አይቼ ጉርሻ እሰጣለሁ። ልክ ነው ወይስ እየጎዱኝ ነው?

ጋራዥ_ገላን
አነፋፋቸውን ሳላይ መፍረድ ይከብዳል እህቴ፣ ግን ሳይጎዱሽ አይቀሩም። አብዛኞቹ የኮምፕረሰሩን አፍ ወረቀቱ ላይ ደቅነው በሙሉ ግፊት ይለቁታል። ወረቀቱ ላይ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ይከፈታል። መነፋት ካለበት ግፊቱን ቀንሶ፣ ራቅ አድርጎ፣ ከንጹሑ ጎን ወደ ቆሻሻው ነው። ከዚያ የስልክሽን መብራት ከጀርባው አብሪና ጨለማ ውስጥ እዪው። የብርሃን ነጥብ ካየሽ ጣዪው።

ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ ትንሽ አቧራ የያዘ የወረቀት ፊልትሮ ከአዲሱ የበለጠ ያጣራል። የያዘው አቧራ ራሱ ቀዳዳዎቹን ያጠብባቸዋል። ስለዚህ በየላቫጆው ማስወጣት ጥቅም የለውም። በወጣ ቁጥር የጠርዙ ላስቲክ በትክክል ላይቀመጥም ይችላል። መጠኑ ሲሞላ ቀይሪው፣ በቃ። የአቧራ መንገድ ከሆነ መጽሐፉ ከሚለው ቀደም ብለሽ።

እናት_ሰበታ
ጉርሻዬን ላስመልስ ነዋ! አመሰግናለሁ ጋሼ።

ጋራዥ_ገላን
ሱሉልታ_01፣ አንተ ደግሞ ብር ከማውጣትህ በፊት ይህን አድርግ። ሳጥኑን ክፈት። ከፊልትሮው በኋላ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ቱቦ ውስጡን በነጭ ሶፍት ጥረገው። ንጹሕ ከወጣ ጥሩ። ቡናማ ከሆነ አቧራ እየሾለከ ነው። የሳጥኑን መቆለፊያዎች አንድ በአንድ እይ። የተሰበረ ካለ ክዳኑ በዚያ በኩል ይነሳል። ከፊት ያልኩህ የመሳቢያ አፍ መኖሩንም አረጋግጥ። አትሳቅ፣ ስንት መኪና ያለ እሱ ይመጣል። መብራት ሲሠራ ወይም ባትሪ ሲወጣ ይፈታል፣ «ይሄ ደግሞ ምን ያደርጋል» ተብሎ ጥግ ይጣላል።

ሱሉልታ_01
ጋሼ ምን ልበልዎት። ከፈትኩት። ሶፍቱ ቡናማ ሆኖ ወጣ። አንዱ መቆለፊያ ተሰብሮ በሽቦ ታስሯል፣ በዚያ በኩል ክዳኑ ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት አለው። የፊቱ አፍ ጭራሽ የለም። ሳጥኑ ሆዱን ከፍቶ ከሞተሩ ላይ ነው የሚስበው። ፊልትሮውን ሳራግፈው ደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠልና አንድ የሞተ ንብ ወደቀ።

እና ሻጩ ሊሸጥልኝ የነበረውን አጭር ኢንቴክ እስከ ዛሬ በነጻ ይዤው ነበር ማለት ነው?

ጋራዥ_ገላን
ሃሃሃ፣ ቀዩ ፊልትሮ ብቻ ነው የጎደለህ።

ሶማሌ ተራ ሂድ። ከተፈታ ቪትዝ ላይ ሳጥኑን ከነክዳኑና ከነአፉ ታገኛለህ። የሞተርህን ዓይነት ጽፈህ ያዝ፣ የ1.0ውና የ1.3ው ሳጥን አንድ አይደለም። ከመክፈልህ በፊት ክዳኑን ገጥመህ ዙሪያውን በእጅህ ዳስሰው። ሙቀት ያጣመመው ከሆነ ተወው። ፊልትሮውን ግን አዲስ ግዛ። ኤር ፍሎዋን ለእሷ ብቻ በተሠራው ስፕሬይ ነፋ ነፋ አድርጋት እንጂ በብሩሽ ወይም በጨርቅ አትንካት። ሽቦዋ ፀጉር ናት፣ ትበጠሳለች።

ዳገት ላይ ደግሞ በዲ ብቻ አትሂድ። ማርሹ ከፍ ዝቅ እያለ ሲዋልል ጉልበት ይባክናል። ወደ 2 አውርደህ ያዛት። ትጮሃለች፣ አትፍራት።

አያት_ኮሮላ
እኔም አየሁት። ቱቦዬ ውስጥ ደቃቅ አቧራ አለ። የፋብሪካውን ሳጥን አልጣልኩትም፣ ልመልሰው ይሆናል። ድምፁ ግን ሊናፍቀኝ ነው። ለመሆኑ ሳጥኑ ድምፁን የሚያጠፋው ለምንድን ነው?

ቲቸር_ቡራዩ
ሳጥኑ ጎን ወይም ቱቦው ላይ የተለጠፈ ባዶ ጎድጓዳ ነገር ካየህ እሱ ሬዞናተር ይባላል። ቫልቮቹ ሲከፈቱና ሲዘጉ በቱቦው ወደ ኋላ የሚመለስ የግፊት ሞገድ አለ፣ እሱን ውጦ ያስቀረዋል። ገጣሚዎቹ «ምንም አይሠራም» ብለው የሚያወጡት መጀመሪያ እሱን ነው። ድምፅ ፈልገህ ከገዛህ ምንም ነውር የለውም፣ ሰው ለስፒከርም ይከፍላል። ነውሩ ድምፁን ፈረስ ነው ብሎ መሸጡ ላይ ነው።

እናት_ሰበታ
ሳጥኑን ሳይነኩ፣ ውስጡ የሚገባውን ጠፍጣፋ ፊልትሮ ብቻ በሚታጠበው የጥጥ ዓይነት መቀየርስ? በየጊዜው ከመግዛት ይገላግላል ብዬ ነው።

ጋራዥ_ገላን
ከሾጣጣው በብዙ ይሻላል፣ ቢያንስ ቀዝቃዛው አየር አይነካም። እነ ኬ ኤንድ ኤን ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምረው በዚህ ሥራ ላይ አሉ። ግን ታጥቦ በደንብ መድረቅ፣ ከዚያ በልኩ ዘይት መቀባት አለበት። ልኩን ነው የምልሽ። ሲበዛ ሴንሰሯን ያቆሽሻል፣ ሲያንስ አቧራ ያሳልፋል። ሥራውን ራስሽ የምትሠሪው ከሆነ እሺ። ለላቫጆ ልጆች የምትሰጪው ከሆነ በወረቀቱ ቆዪ።

ቲቸር_ቡራዩ
ሱሉልታ_01፣ ሳጥኑን ከቀየርክ በኋላ ልቡ የማያርፍ ሰው ከሆንክ ራስህ ለካው። ዳይኖ አያስፈልግም። ግንበኞች ውሃ ልክ የሚያዩበት ግልጽ ቱቦ አለ አይደል፣ እሱን ግዛ። በዩ ቅርጽ አጥፈህ ጣውላ ላይ እሰረው፣ እግሮቹ ወደ አንድ ሜትር ይሁኑ። ግማሽ ድረስ ቀለም የገባበት ውሃ ሙላ። አንዱን ጫፍ ክፍት ተወው። ሌላውን በመስኮት አውጥተህ ከፊልትሮው በኋላ ቱቦው ላይ ካለችው ትንሽ የትንፋሽ ጡት ጋር አገናኘው፣ ከሞተሩ ክዳን የሚመጣው ቀጭን ላስቲክ የሚሰካባት ናት። ለፈተናው ብቻ ላስቲኩን ታወልቃለህ፣ ስትጨርስ መልሰው።

ከዚያ ሰው ከጎንህ አስቀምጥና ዳገቱን እስከ ወለል ረግጠህ ውጣ። የሚያነበው እሱ ነው፣ አንተ መንገድህን እይ። በሁለቱ እግሮች መካከል ያለው የውሃ ከፍታ ልዩነት 10 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ሳጥኑና ፊልትሮው ያስቀሩብህ 1 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። የትኛውም ኢንቴክ ከዚያ በላይ ሊመልስልህ አይችልም። እግሮቹን አታሳጥራቸው፣ ውሃው ወደ ሞተር እንዳይሳብ።

ዕቃ_ከዱባይ
በውሃ ቱቦ መኪና የሚፈትን ሰው ዛሬ ገና አየሁ።

ቲቸር_ቡራዩ
ያንተንም ገጥመን እንለካው ካልክ ዝግጁ ነኝ። ቱቦው እኔ ጋ አለ።

ሱሉልታ_01
ተመለስኩ። ሳጥኑን ከነአፉ ሶማሌ ተራ አገኘሁ፣ ተከራክሬ በደህና ዋጋ ወሰድኩ። አዲስ የወረቀት ፊልትሮ ገባ። ኤር ፍሎዋን አጸዳሁ። ሁሉም ተደምሮ ሻጩ ከጠራልኝ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

የጎረቤቴን የብሉቱዝ ስካነር ተውሼ የሚገባውን አየር ሙቀት አየሁት። ድሮ በነበረው ሳጥን አዲሱ ገበያ ትራፊክ ላይ 50ዎቹ ውስጥ ነበር። አሁን ከውጭው አየር ትንሽ ነው የሚበልጠው።

ቱቦውንም ሞከርኩት። ወንድሜ ጣውላውን አቅፎ ከጎኔ ተቀመጠ። መንገድ ላይ ያየን ሰው ሁሉ ሲስቅብን ነበር። እስከ ወለል ረግጬ ስወጣ ልዩነቱ 15 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ላይ ቆመ። ቲቸር፣ በእርስዎ ስሌት 1.5 ኪሎፓስካል ማለት ነው?

ቲቸር_ቡራዩ
አዎ። ከ72 ላይ 1.5 ማለት 2 ከመቶ ገደማ ነው። ከ65 ፈረስ ላይ አንድ ፈረስ ከምናምን። ሻጩ በደሞዝህ ግማሽ ሊሰጥህ የሚችለው ቢበዛ እሱን ነው፣ ያውም ሙቀቱን ካላመጣብህ። ዳገቱስ እንዴት ሆነ?

ሱሉልታ_01
በረረች አልልም። ትራፊክ ላይ ቆይቼ ስነሳ የነበረው መንገፍገፍ ጠፍቷል። በ2 ይዤ ስወጣ ደግሞ ፍጥነቷን አትጥልም። ሚኒባሱ ግን አሁንም ክላክስ ያደርግብኛል።

ጋራዥ_ገላን
እሱ አስፋልቱ ባዶ ቢሆንም ያደርጋል፣ እሱን ተወው። ጎማውን ግዛ አሁን። ክረምት ሳይገባ።

አያት_ኮሮላ
የኔን ኢንቴክ የሚፈልግ ካለ ልሸጠው ነው። ድምፁ ዋስትና አለው፣ ፈረሱ የለውም።

ሂሉክስ_ቱሉዲምቱ
ቲቸር፣ እኔም በውሃ ቱቦው ልለካ ነበር። ናፍጣ ነው፣ ቱርቦ አለው። ዳገት ላይ ከድሮው የበለጠ ጥቁር ጭስ ማውጣት ጀምሯል፣ ፊልትሮው ታፍኖ ይሆን ብዬ ነው። የት ላይ ነው የምሰካው?

ቲቸር_ቡራዩ
በፊልትሮውና በቱርቦው መካከል። ከቱርቦው በኋላ እንዳትሰካ፣ እዚያ አየሩ ይገፋል እንጂ አይስብም፣ ውሃው ፊትህ ላይ ነው የሚተፋው። ቱርቦ የበለጠ ስለሚስብ ልዩነቱ ከቪትዟ ይበልጣል፣ ስለዚህ እግሮቹን አርዝማቸው። መጀመሪያ ግን ሳጥኑን እየው። አንዳንድ ናፍጣ መኪኖች ላይ ሲታፈን ቀይ የምታሳይ ትንሽ መስኮት አለች፣ ካለችህ ቱቦም አያስፈልግህ። ፊልትሮው ደህና ሆኖ ጭሱ ካልቆመ ከቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚሄዱትን ላስቲኮች ፈትሽ። ሞተሩን አስነስተህ ጓደኛህ ሲረግጠው ጆሮህን ጣል። የሚያፏጭ ቦታ ካለ እዚያ ነው።